«ምንም አልሆንኩም» የሚል ባልና ሌሎች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ባሌ ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ማታ ፊቱ ጠቁሮ ይገባል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም»። ከዓባይ ማዶ ማን እንደተሳፈረ፣ ማን ሒሳብ ሳይከፍል እንደወረደ ግን አንድ በአንድ ያወራኛል። ጠልቶኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከዚህ ብቻ ጥላቻ አይነበብም። የሆነውን እየዘረዘሩ ውስጥን መዝለል ወደ ውጭ ያተኮረ አስተሳሰብ ይባላል። አሌክሲታይሚያ ከሚባለው ባሕርይ ሦስት መለኪያዎች አንዱ ነው፤ ሁለቱ ስሜትን ለመለየትና ለሌላ ሰው ለመግለጽ መቸገር ናቸው። ይህን ባሕርይ የሚለካው የቶሮንቶ መጠይቅ 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ20 እስከ 100 ሲሆን 61ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። አሌክሲታይሚያ የበሽታ ስም ስላልሆነ ባልሽ ላይ አትለጥፊው።

«ምን ተሰማህ?» ለእንዲህ ያለ ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። እግሩን ታጥቦ እህል ከቀመሰ በኋላ፣ እሱ ካነሳው ጉዳይ ጀምሪ፦ «ሰውዬው ሳይከፍል ሲሄድ ሰውነትህ ምን ሆነ?» ከዚያ ምርጫ ስጪው፦ «ተናደድክ ወይስ አፈርክ?» ግምትሽ ቢስትም ግድ የለም፤ «አይ፣ እንደዛ እንኳ አይደለም» ብሎ ማረም ከባዶ ከመጀመር ይቀለዋል።

ጥያቄ፦ ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። በፈተና ሰሞን ልቤ ይመታል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል። ተመርምሬ ምንም አልተገኘብኝም።

መልስ፦ ቀድመህ መመርመርህ ደግ ነው። ፍርሃትን ለይቶ የማያውቅ ሰው የሰውነቱን ምልክት እንደ ሕመም ሊቆጥረው ይችላል። ማታ ማታ 5 ደቂቃ ወስደህ አራት ዓምድ ሙላ፦ ሰዓትና ቦታ፣ ሰውነትህ ላይ የታየው፣ ከዚያ በፊት የሆነው፣ ስሜቱና ጥንካሬው ከ0 እስከ 10። አራተኛውን የመጀመሪያውን ሳምንት ባዶ ተወው፤ ተቸኩሎ የሚሞላው እሱ ነው። ብዙዎች እዚያ ላይ «መምህሩ ናቀኝ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ሐሳብ ነው፤ ስሜቱ ሐፍረት ወይም ንዴት ሊሆን ይችላል። «ለምን?» ብለህም አትጀምር፣ ወደ ትንተና ይወስድሃል። የጠጣኸውን ቡናም መዝግብ፤ እሱም ልብ ያስመታል! እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ደብተሩ አይበቃም፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ከሒሳብና ከኮምፒውተር ሌላ አያወራም። ስሜት አልባ ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይስጉ። ማመዛዘን መውደድና ወደ ውስጥ አለማየት ለየቅል ናቸው። አልፈታ ሲለው «አበሸቀኝ» ካለዎት ስሜቱን ለይቶታል። ይልቅ ቤት ውስጥ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ሰው ካለ፣ እሱን ያስቁሙልኝ።