ዳይኦክሲን፣ ዘረ መልና የወንድ ልጅ የመውለድ አቅም፦ ከሐዋሳ ጠያቂዎች ጋር የተደረገ ጥያቄና መልስ

በሐዋሳ የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ሳስተምር ከተማሪም ከወላጅም ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አለ፤ ቆሻሻ ሲቃጠል የሚወጣው ዳይኦክሲን በጽንስነቱ ወይም በልጅነቱ የደረሰበትን ወንድ ሁሉ እኩል ይጎዳል ወይስ እንደ ዘረ መሉ ይለያያል? ዛሬ የቀረበልኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ የግል የምርመራ ውጤት ግን አላነብም።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ መምህር፣ ልዩነቱ ከምን ይመነጫል?

መልስ፦ ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው። ዳይኦክሲን ህዋስ ውስጥ ሲገባ ኤኤችአር ከሚባል ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ ከዚያም አብረው ወደ ህዋሱ አስኳል ገብተው በዚያ ሰዓት ሊሠሩ የማይገባቸውን ዘረ መሎች ያስነሳሉ። ይህ ተቀባይ እንዳይኖራት ተደርጋ የተራባች አይጥ አብዛኛውን ጉዳት ትቋቋማለች። ሲ57 ብላክ 6 የሚባለው የላቦራቶሪ አይጥ ዝርያ መርዙን አጥብቆ የሚይዝ ተቀባይ ሲኖረው፣ ዲቢኤ 2 የሚባለው ግን በአንዲት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ልዩነት ምክንያት አያያዙ ስለሚላላ፣ ተመሳሳይ ውጤት እንዲታይበት አሥር እጥፍ ያህል መጠን ያስፈልገዋል። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው በፊንላንድ የኩኦፒዮ ተመራማሪዎች ያጠኑት ሃን ዊስታር የተባለው ትልቅ አይጥ ነው፤ ሎንግ ኢቫንስ የተባለው ዘመዱ በኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 20 ማይክሮግራም ገደማ ሲሞት፣ እርሱ 9,600 ማይክሮግራም ተሰጥቶት እንኳ በሕይወት ቆይቷል። ነገር ግን ሞትን መቋቋምና የመውለድ አቅምን መጠበቅ አንድ አይደሉም። ለነፍሰ ጡር አይጥ በእርግዝናዋ በ15ኛው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በኪሎ ከ1 ማይክሮግራም በታች ተሰጥቶ የወንድ ልጆቿ ስፐርም ቀንሶ የታየባቸው ሙከራዎች አሉ፤ የቅነሳው መጠን ግን ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ተለያይቷል።

ጥያቄ (ከመናኸሪያ)፦ እኛ ሰዎችስ ከየትኛው አይጥ ጋር ነን?

መልስ፦ የሰው ተቀባይ በአያያዙ ወደ ዲቢኤ ይቀርባል። በሰው ላይ በደንብ የታወቀው ልዩነት በተቀባዩ 554ኛ ቦታ ላይ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ላይሲን በተባለው መተካቱ ሲሆን፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ በብዛት ይገኛል። የተቀባዩን ሥራ የሚገታው የሌላው ፕሮቲን ዘረ መልም በጃፓንና በኢስቶኒያ ልጅ መውለድ በተቸገሩ ወንዶች ላይ ተጠንቷል፤ ውጤቶቹ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ በእነርሱ ተመርኩዞ ለማንም ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ጥያቄ (ከሐይቅ ዳር)፦ ታዲያ የዘረ መል ምርመራ የት ላስደርግ?

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። አሁን እንደተናገርኩት ነው።

ጥያቄ (ከባሕል አዳራሽ)፦ በሰው ላይ ማስረጃው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጣሊያን፣ ሴቬሶ። በሐምሌ 1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ የወጣ፣ ዳይኦክሲን ያለበት ደመና መንደሮቹን ሸፈናቸው። በዚያን ጊዜ የብዙዎች ደም ተወስዶ በቅዝቃዜ ስለተቀመጠ የእያንዳንዱ ሰው መጠን ከዓመታት በኋላ ሊለካ ቻለ። በ2008 የታተመው ጥናት 135 የተጋለጡ ወንዶችን ከሌሎች 184 ጋር አነጻጽሮ፣ ከ1 እስከ 9 ዓመታቸው የተጋለጡት ካደጉ በኋላ የስፐርማቸው ብዛትና እንቅስቃሴ መቀነሱን አሳየ። ከ10 እስከ 17 ዓመታቸው የተጋለጡት ላይ ግን ብዛቱ ጨምሮ ተገኘ፤ ከ18 ዓመት በኋላ በተጋለጡት ላይ ለውጥ አልታየም። መርዙ አንድ ሆኖ ዕድሜው ብቻ ውጤቱን ገለበጠው! ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ በቆለጥ ውስጥ ስፐርምን ተንከባክበው የሚያሳድጉት ሰርቶሊ የተባሉት ህዋሳት ቁጥራቸው የሚወሰነው ከጉርምስና በፊት በመሆኑ፣ ያኔ የጎደለው በኋላ አይሟላም የሚል ነው። በሩሲያዋ ቻፓዬቭስክም በ8 እና በ9 ዓመታቸው ደማቸው የተመረመረ ልጆች ጎልማሳ ሲሆኑ፣ ዳይኦክሲን የበዛባቸው የስፐርማቸው ብዛት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ዘረ መል የጉዳቱን ልክ ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ መልኩን የሚወስነው ግን የተጋለጡበት ጊዜ ነው፤ ተማሪዎቼ ሳይሰለቹ እንዲይዙልኝ የምለምነው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ (ከምሥራቅ)፦ በእናት ጡት ያልፋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ያልፋል፤ በሴቬሶም ከተጋለጡ እናቶች ተወልደው ጡት የጠቡ ወንዶች የስፐርማቸው ብዛት ዝቅ ብሏል። እነዚያ እናቶች ግን የፋብሪካ አደጋ የደረሰባቸው ናቸው። እባክዎ እህቴ፣ በዚህ ምክንያት ማጥባት አያቁሙ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጡት ማጥባትን እንደሚመክር ጸንቷል።

ጥያቄ (ከሐይቅ ዳር)፦ የአሞራ ገደል ዓሣስ?

መልስ፦ የሐይቁን ዓሣ ሳይለኩ የሚናገር ሰው አይመኑ። ዳይኦክሲን በስብ ውስጥ የሚከማች በመሆኑ ጮማውን መቀነስ አይጎዳም።

አስተያየት (ከመሐል ከተማ)፦ ፌስታል የሚያቃጥሉት ናቸው የጨረሱን!

አስተያየት (ከሐዌላ ቱላ)፦ ሽቦ አቃጥሎ መዳብ የሚሸጠው ልጅ ምን ይብላ? መጀመሪያ ሥራ ስጡት።

አስተያየት (ከመሐል ከተማ)፦ የእኔ ልጅስ የእርሱን ጭስ ይብላ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። ዳይኦክሲን እንዲፈጠር ክሎሪን ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ፌስታል ክሎሪን የለውም፤ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ሲቃጠል ግን ነገሩ ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የባሰ ነው፤ ልባሱ ክሎሪን ይሰጣል፣ መዳቡ ደግሞ ዳይኦክሲን እንዲፈጠር ያፋጥናል። ከቤቴ አጥር ሥር ሁለት ልጆች ቆርቆሮ ላይ የሽቦ ጥቅል ሲያነዱ ቆሜ አይቻለሁ፤ ነበልባሉ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ ያ ቀለም መዳብና ክሎሪን የተገናኙበት ምልክት ነው። ትንሹ ሰባት ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም፤ ጭሱ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። ልባሱን በቢላ ልጦ መዳቡን ማውጣት ይቻላል፤ ያሳየሁት ትልቁ ልጅ ጊዜ ይፈጃል ቢልም ችሎበታል።

ጥያቄ (ከመናኸሪያ)፦ የዘረ መል ምርመራውን በግል ብከፍልስ?

መልስ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ልመልስ፤ ምርመራው በልጅነትዎ የደረሰብዎን መጠን አይነግርዎትም። ልጅ መውለድ ካስቸገረዎ ሐኪም ዘንድ ሄደው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያድርጉ፤ ስፐርም ተሠርቶ ለማለቅ 74 ቀን ያህል ስለሚወስድበት ምርመራውን ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይድገሙት፤ ባለቤትዎም አብረውዎት ይመርመሩ።