ጨረታና የከተማችን ልጅ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰኔ ሲቃረብ የየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ በጨረታ ይሞላል፤ የጥያቄ ሳጥናችንም እንደዚያው። የሰሞኑ ደብዳቤዎች ከደሴም ከኮምቦልቻም የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይደርሳሉ፦ መንግሥት ሲገዛ የእኛ ሰው ለምን አይቀድምም?

ጥያቄ፦ የዋጋ መሙያው ላይ ተሳስቼ በፍሉድ አጠፋሁት። ይጥለኛል?

መልስ፦ ሊጥልዎ ይችላል። ፍሉዱን ይተዉት፤ በአንድ መስመር ሰርዘው ትክክለኛውን ይጻፉና አጠገቡ ፈርመው ማኅተም ያድርጉ። ማስታወቂያው «ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም» ካለ ግን ፊርማም አያድንም፤ አዲስ ቅጽ ይሙሉ።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ያላቸው አንባቢ ምሬት ያልተለየው ረጅም ደብዳቤ ልከዋል። ጭብጡ ይህ ነው፦ ግብር የምንከፍለው እዚህ፣ የምንቀጥረው የሰፈራችንን ልጅ፤ የተማሪ ዴስክ ሲገዛ ግን አሸናፊው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጭኖ ይመጣል። ከተማ አስተዳደሩ «ለደሴ ልጅ ቅድሚያ» ቢል ማን ይከለክለዋል?

መልስ፦ ሕግ ይከለክለዋል። በመንግሥት ግዥ ልዩ አስተያየት (ዋጋ ሲወዳደር የሚሰጥ ቅድሚያ) በዋናነት የሚደረገው ዕቃው አገር ውስጥ የተመረተ ሲሆን፣ ወይም ተጫራቹ በሕግ የተደራጀ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋም ሲሆን ነው። የአገር ውስጥ ተቋራጭና አማካሪም አለ፤ እሱ ግን ከውጭ ድርጅት ጋር ሲፎካከር ነው። ለዓመታት የተሠራበት የፌዴራሉ አዋጅ 649/2001 በአንቀጽ 25 ያስቀመጠው ይህንኑ ነው። ከእሱ በፊት ያለው አንቀጽ 24 ደግሞ ከመወዳደሪያው መስፈርት ጋር በማይገናኝ ምክንያት ተጫራችን መለየት ይከለክላል። «የየት ከተማ ልጅ ነህ?» የሚል መስፈርት የለም። ያ አዋጅ በ2016 በአዋጅ 1333 ተተክቷል። ደግሞም የፌዴራል አዋጅ የሚገዛው የፌዴራል መሥሪያ ቤትን ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዴስክ ሲገዛ በእሱ ይመራል፤ የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች ግን የሚመሩት በክልሉ የግዥ አዋጅና መመሪያ ነው፤ የከተማውን ጉዳይ ከዚያ ላይ ያረጋግጡ። ሰው ሁለቱን እያቀላቀለ ነው ግማሹ አቤቱታ ከመነሻው የሚወድቀው።

ይፈቀድ ቢባልስ? ደሴ በሩን ከዘጋ ከሐረጎ ቁልቁል ያለው ኮምቦልቻም ይዘጋል፤ ሐይቅም ከሚሴም ወልዲያም ይከተላሉ። ዛሬ ለአምስት ከተማ የሚበይድ ወርክሾፕ ነገ ለአንዱ ብቻ ይበይዳል። በአንድ ከተማ ደግሞ ዴስክ የሚሠሩት ሦስት አራት ከሆኑ፣ ዋጋው ፖስታ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሻይ ቤት ያልቃል። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ይልቅ የተሸነፉበትን ማስታወቂያ እንደገና ያንብቡት። እንደ ጻፉልን ከሆነ 800 ዴስክ፣ የመምህራን ጠረጴዛ፣ መደርደሪያና የቢሮ ተሽከርካሪ ወንበር በአንድ ላይ ተጠይቋል፤ ማስረከቢያው 30 ቀን፤ አሸናፊው የሚለየው በጥቅል ድምር። 800 ዴስክ በ26 የሥራ ቀን ማለት በቀን 31 ዴስክ ነው። ሁለት የብየዳ ማሽን ያለው ቤት ይህን አያደርሰውም። ተሽከርካሪ ወንበሩን ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ በያጅ አይሠራውም፤ ከአስመጪ ይገዛል። ስለዚህ ዴስክ አምራቹ ገና ዋጋ ሳይሞላ በወንበር ምክንያት ወጣ፤ የገባው ሁሉንም ገዝቶ የሚያቀርብ ነጋዴ ነው። እርስዎን የጣለዎት አዲስ አበቤው ሳይሆን የሎቱ (ለብቻው አሸናፊ የሚለይለት የዕቃ ክፍል) አቆራረጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር ክፍያ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ቱቦ ሻጭ በዱቤ አይሰጥም፣ የቀን ሠራተኛ ቅዳሜ ክፍያውን ይፈልጋል። የ1.5 ሚሊዮን ብር ዕቃ አስረክበው ክፍያው ለሦስት ወር ቢዘገይና ገንዘቡን የተበደሩት በዓመት 18 በመቶ ነው ብንል፣ ወለዱ 67,500 ብር ይሆናል። ይህ የሽያጩ 4.5 በመቶ ነው። ለአነስተኛ ተቋም የሚታሰበው ልዩ አስተያየት በ2002ቱ የፌዴራል የግዥ መመሪያ 3 በመቶ ነበር። ስለዚህ ገዥው መሥሪያ ቤት በአንድ እጁ ሦስት ሰጥቶ በሌላው አራት ተኩል ይወስዳል። በየስብሰባው ስለ ቅድሚያ የሚጮኸው ሰው ሁሉ ግማሽ ድምፁን ለክፍያ ቀን ቢያውለው፣ «የርክክብ ሰነድ በተሟላ በዚህን ያህል ቀን ይከፈላል» የሚል ቁርጥ ያለ ሐረግ በውሉ ውስጥ ቢያስገባ፣ ብዙ ወርክሾፕ በሩን ከመዝጋት ይድናል።

ጥያቄ፦ «3 በመቶ አላችሁ ተብለን ገባን፤ የእኛ ዋጋ በ35 ሺህ ብር ብቻ በልጦ ተሸነፍን። ተበላን?» ከኮምቦልቻ፣ አንድ ማኅበር።

መልስ፦ አልተበላችሁም፤ አብሽሩ፣ ስሌቱን አብረን እንየው። የተወዳዳሪያችሁ ዋጋ 970,000 ብር፣ የእናንተ 1,005,000 ነው ብላችኋል። ከእናንተ 3 በመቶ ሲነሳ 974,850 ይሆናል፤ አሁንም ከ970,000 በላይ ነው። 995,000 ብላችሁ ቢሆን 965,150 ይሆንና ታሸንፉ ነበር። ውሉን የምትፈርሙት ግን በ995,000 ነው፤ ቅናሹ ለማወዳደር ብቻ ነው እንጂ ከክፍያችሁ አይቆረጥም። ይህን ባለማወቅ «ለምን 3 በመቶ ልንቀነስ?» ብለው መብታቸውን ሳይጠይቁ የሚቀሩ ማኅበራት አሉ።

የእናንተ ግዥ የከተማ አስተዳደሩ ስለሆነ መቶኛውን ከእኔ ሳይሆን ከጨረታ ሰነዱ ውሰዱ። ልዩ አስተያየቱ እንዴት እንደሚሰላም እዚያው መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ፖስታው ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከተከፈተ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ሰሚ የለውም።

ጥያቄ፦ እኔ ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ሱቄም ፒያሳ ነው። ከመርካቶ የማመጣቸውን የፕላስቲክ ወንበሮች «የአገር ውስጥ ምርት» ብዬ ማቅረብ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደሴ የተወለዱት እርስዎ ነዎት፤ ወንበሩ አይደለም። በ2002ቱ የፌዴራል የግዥ መመሪያ አንድ ዕቃ የአገር ውስጥ ምርት ይባል የነበረው ከዋጋው ከ35 በመቶ በላዩ እዚህ አገር የተጨመረ እሴት ሲሆን ነበር። አወጣጡ ቀላል ነው፦ ከቫት በፊት ካለው የፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ላይ ከውጭ የገባውን ጥሬ ዕቃና የውጭ አገልግሎት ወጪ ይቀንሳሉ። ዴስኩ 6,000 ብር ቢሸጥና በውስጡ ያለው የውጭ ዕቃ 3,300 ቢሆን፣ 2,700 ቀረ፤ 45 በመቶ ነው፤ ያልፋል። ጥሬ ዕቃውን ከደሴ ሱቅ ስለገዙት የአገር ውስጥ አይሆንም፤ ከውጭ የገባ ከሆነ የውጭ ነው። ወንበሮቹን የሠራው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ከሆነ ደግሞ ማስረጃውን ከፋብሪካው ያምጡ። ለቀሪው የሒሳብ ባለሙያዎን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ከማደራጃው (ከሥራና ሥልጠና) ያመጣነውን የዋስትና ደብዳቤ ኮሚቴው አልቀበልም አለ። ሲፒኦ (የባንክ የክፍያ ማዘዣ) ማሠሪያ ገንዘብ ስለሌለን ነው ደብዳቤ ያመጣነው።

መልስ፦ ለተደራጀ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋም የማደራጃው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የጨረታ ማስከበሪያን (ተጫራቹ ለቃሉ የሚያሲዘውን ገንዘብ) ሊተካ ይችላል፤ ማስታወቂያዎቹም ራሳቸው ይህን ይጽፉታል። ደብዳቤዎች የሚወድቁት በይዘታቸው ነው። የእናንተ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል፤ እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ለገዥው መሥሪያ ቤት በስሙ የተጻፈ፣ የጨረታውን ቁጥርና የዕቃውን ዓይነት የሚጠቅስ፣ የማስከበሪያውን መጠን ያህል ዋስ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ የጨረታው ዋጋ ጸንቶ እስከሚቆይበት ቀን የሚያገለግል መሆን አለበት። ኦርጅናሉ ይግባ እንጂ ፎቶ ኮፒ አታስገቡ። ባለፈው ጨረታ የተጻፈውን ቀኑን ብቻ አስቀይሮ ማምጣትም አይሠራም። «ድጋፍ ይደረግላቸው» የሚል ደብዳቤ ደግሞ ዋስትና አይባልም፤ የመልካም ምኞት መግለጫ ነው። ወደ ሥራና ሥልጠና ስትሄዱ የጨረታ ማስታወቂያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጸሐፊዋ ከእሱ ላይ ትገልብጠው።

በጥሬ ገንዘብ የሚያሲዙም መሥሪያ ቤቱ የሚሰጣቸውን የመሂ 1 ደረሰኝ ኮፒ ፖስታው ውስጥ መክተት አይርሱ። ገንዘቡን ከፍሎ ደረሰኙን ኪሱ ይዞ ከአዳራሹ የሚወጣ ተጫራች በየጨረታው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ «ስማችሁን ለአንድ ጨረታ ብቻ አውሱኝ፤ ሁሉን ነገር እኔ እችላለሁ» ብሎናል። ለማኅበሩ ጥሩ ብር ይሰጣል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ትልቅ ችግር። ደረሰኙ የሚቆረጠው በእናንተ ቲን ነው፤ ስለዚህ ግብሩም ቫቱም የእናንተ ዕዳ ነው። ዕቃው ሲጎድል ወይም ሳይቀርብ ሲቀር ማስከበሪያው የሚወረሰው፣ ከመንግሥት ግዥ የሚታገደው የእናንተ ማኅበር ነው። የዋስትና ደብዳቤ የጻፈላችሁ ማደራጃም ሁለተኛ አይጽፍላችሁም። ሰውየው ግን ስሙ የትም የለም። ለአነስተኛ አምራች የተተወው ጥቂት ዕድል እንደዚህ እየተከራየ ነው «የእነሱ ዕቃ ጥራት የለውም» የሚባል ወሬ የሚነዛው።

ውክልና ሰጥታችሁ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትሉ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። ይህን የምለው እንደ ልማዳችን «ባለሙያ ያማክሩ» ለማለት ያህል አይደለም። ውክልናው ባንክ ሒሳብ ማንቀሳቀስንና ውል መፈረምን የሚጨምር ከሆነ እየፈረመባችሁ ሊሆን ይችላል፤ መሻሩን ደግሞ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ባንኩና ገዥው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማወቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ሠራተኛ ነኝ። የአካባቢውን አምራች መርዳት እንፈልጋለን፤ ኦዲት ግን እንፈራለን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ከጠረጴዛው ማዶ ስለመጣ ይበልጥ። ኦዲተር የሚፈልገው ግዥ መከፋፈልን ነው፦ አንዱን ፍላጎት ቆራርሶ ከግልጽ ጨረታ ወደ ፕሮፎርማ (ከጥቂት አቅራቢዎች ዋጋ ሰብስቦ መግዛት) ማምለጥን። ሎት ማድረግ ይህ አይደለም። ማስታወቂያው አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ዘዴው ያው ግልጽ ጨረታ፤ ዴስኩ ሎት 1፣ መደርደሪያው ሎት 2፣ ከውጭ የሚገባው ወንበር ሎት 3፤ አሸናፊው በየሎቱ። 800ውን ዴስክ ራሱን በአራት ሎት 200፣ 200 ማድረግ ይቻላል። ምክንያቱን በግዥ ዕቅዱ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት። ማስረከቢያውንም በሁለት ዙር አድርጉት፤ ትምህርት መስከረም የሚጀምር ከሆነ በሰኔ ውል አስራችሁ በሐምሌ ሁሉንም መጠየቅ ምን አመጣው? ቅድሚያ ክፍያ በፌዴራሉ መመሪያ እስከ 30 በመቶ ይፈቀድ ነበር፤ የክልሉን መመሪያ አይታችሁ የሚፈቅደውን ያህል ሰነዱ ውስጥ አስገቡት።

ዝርዝሩ ላይ የንግድ ስም አትጻፉ። መጻፍ ግድ ከሆነ «ወይም ተመጣጣኝ» ጨምሩበት። ይልቅ መለኪያ ጻፉ፦ አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) 30 በ30፣ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር። ከጻፋችሁ ደግሞ ሲረከቡ ለኩ፤ የሐቀኛው አምራች ልፋት የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ 1.5ና 1.2 በዓይን አይለዩም። የዴስኩን እግር ፕላስቲክ ቆብ ንቀሉና የቱቦውን ጠርዝ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያዙ፤ ቀለሙን ትንሽ ፋቅ አድርጉት፣ አለበለዚያ ውፍረት ይጨምራል። ካሊፐር ከሌለ ባለ 6 ሜትሩን ቱቦ በሚዛን፦ 1.5ቱ 8 ኪሎ ገደማ፣ 1.2ቱ 6.5 ገደማ ይመዝናል። አንድ አምስተኛ ብረት ሰርቆ ያስገባው ተጫራች በ3 በመቶ ልዩ አስተያየት አይረታም፤ በካሊፐር ግን ይረታል። ናሙና ተቀብላችሁ ከሆነ ታሽጎ ተፈርሞበት መጋዘን ይቀመጥ እንጂ የኃላፊው ቢሮ ውስጥ ወንበር ሆኖ አያገልግል።

ጥያቄ፦ ፕሮፎርማ ላይ ከሌላው ሰው ዋጋ 1 በመቶ እቀንሳለሁ ብዬ ብጽፍስ?

መልስ፦ ውድቅ ነው። በሌላ ተጫራች ዋጋ ላይ ተንተርሶ ዋጋ መስጠት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ውጤቱ ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ያለ አግባብ ነው የወደቅሁት፤ አሁን አቤት ልበል?

መልስ፦ ዘግይተዋል ብዬ እፈራለሁ። በአዋጅ 649 አሠራር አቤቱታው ችግሩን ካወቁበት ጀምሮ በ5 የሥራ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ መድረስ ነበረበት። የክልሉ ግዥ ከሆነ በሰነዱ ላይ የተጻፈውን ቀን ይመልከቱ፤ ምናልባት አልፎ ላይሆን ይችላል። ለወደፊቱ ግን ውጤቱ በተለጠፈ ዕለት የግምገማውን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ምላሹን ሳይጠብቁ አቤቱታውን ያስገቡ። «ፍትሕ ተጓድሏል» ብቻ አይበሉ፤ የትኛው የሰነዱ አንቀጽ እንደተጣሰ በቁጥር ይጥቀሱ። ለኃላፊው በእጅ አይስጡ፤ መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥርና ቀን ያሰጡበት፣ በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይም ማኅተም ያስደርጉ።