መልስ፦ ወንጌላት ዘግይተው ከተጻፉ፣ የኢየሱስ ነው የሚባል ቃል አለ?

አለ። ወንጌላቱ ከስቅለቱ በኋላ አሥርተ ዓመታት ቆይተው መጻፋቸው ሁሉንም ቃል አጠራጣሪ ያደርገዋል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ ሚስትን ስለ መፍታት የተነገረውን ይመልከቱ።

ትምህርቱ በማርቆስ 10 እና በሉቃስ 16፥18 በተለያየ አቀራረብ ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ጳውሎስ ነው፤ በ50ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ፣ ብዙ ተመራማሪዎች ለማርቆስ ከሚሰጡት ዘመን ቀደም ብሎ፣ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት (7፥10) ሚስት ከባሏ እንዳትለይ የሚያዘው ጌታ እንጂ እርሱ እንዳልሆነ ይናገራል። ቁጥር 12 ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚቀጥለው የራሱ እንጂ የጌታ ቃል እንዳልሆነ በግልጽ ይለያል። የራሱን ምክር ከጌታ ትእዛዝ እንዲህ የሚለይ ሰው ትእዛዙን ከራሱ አመነጨው ማለት ይከብዳል።

በእንዲህ ያለ ክርክር ደጋግሜ ካየሁት ስሕተት ግን ይጠንቀቁ፤ ትምህርቱ ከኢየሱስ የመጣ መሆኑን ማሳየት፣ ቃል በቃል እንዲህ ብሏል ከማለት ጋር አንድ አይደለም። ማቴዎስ በዝሙት ምክንያት መፍታትን ከክልከላው ለይቶ ሲያወጣ፣ ማርቆስ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አያደርግም። እንደ ደጉ ሳምራዊ ምሳሌ በሉቃስ ብቻ የሚገኘውም፣ ሌላ ምስክር ስለሌለው ብቻ የኢየሱስ አይደለም ሊባል አይገባም።