ቅዳሜ ማለዳ ለምትሮጡ ልጆች

ልጆቼ፣

በግብርና ሥራ ባሳለፍኋቸው 34 ዓመታት ችግኝ ሲተከል ያጨበጨበ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ጥር ላይ ውኃ ይዞ የመጣው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በወጣትነቴ አንድ ክረምት የሰፈሩን ልጆች አሰባስቤ ፖምና ጌሾ አስተከልሁ። እስከ መስከረም ዝናቡ አጠጣልን፤ ኅዳር ላይ ሁለት ሦስት ሆነን ብቅ አልን፤ ከዚያ በኋላ የሄደ የለም። በጥር ደርሼ አንዷን የፖም ችግኝ በጣቴ ብነካት እንደ ገለባ ቀጭ አለች።

ስለዚህ ሩጫችሁን ከጋራ አትክልት ቦታው ጋር ለማያያዝ ማሰባችሁን ስትነግሩኝ ደስ አለኝ። ጎመን ተጠምቶ ደጃችሁን አያንኳኳም። መንገድ ዳር በብርድ ቆሞ የሚጠብቅ ጓደኛ ግን ከአልጋ ያስነሣል። የጎጃም ገበሬ በወንፈል፣ ተራ በተራ እየተረዳዳ፣ የሚሠራው ይህንኑ አውቆ ነው፤ ዛሬ ከጎረቤቱ ማሳ የቀረ ሰው፣ ነገ በራሱ አጨዳ ማንን ይጠራል?

አሁን ወደ ሥራው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ትንፋሽ ያጥረዋልና አትቅደሙት። ለአትክልት ቀን 5 ኪሎ ሜትር ይበቃል፣ ያውም እያወጋችሁ። ስትደርሱ ወዲያው ዶማ አታንሡ፤ ጥቂት ተራመዱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ላብ የጠጣውን ልብስ ለውጡ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ መሆኑን የሚረሳ ጎበዝ በየቡድኑ አይጠፋም። ግማሽ ሙሉና ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፤ ስታነሡም ጉልበታችሁን እጠፉ እንጂ ወገባችሁን አታጉብጡ። ፍግ የምትነኩ የቴታነስ ክትባታችሁን አስቀድሙ።

የማለዳ ሩጫ ለውኃ ማጠጣትም የተመቸ ነው። ፀሐይ ሳይበረታ ከሥሩ የፈሰሰ ውኃ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ ቅጠሉ ላይ የተረጨው ለበሽታ በር ይከፍታል።

የብስባሹን ክምር ደግሞ አደራ። መሐሉ ድረስ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ ስትመጡ መዝዛችሁ በእጃችሁ ጨብጡት። ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራው እየሄደ ነው፤ ደርቆ ከወጣ ውኃ ጨምሩበት፤ ጭቅይት ብሎ ከሸተተ ደረቅ ገለባ እየጨመራችሁ አገላብጡት። አንድ ጊዜ መጥቶ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ይህን እንጨት ሊያነበው አይችልም። የሰካው ሌላ፣ የሚነቅለው ሌላ ይሆናላ!

መደብ ከመንካታችሁ በፊት ግን ቦታውን የሚያለሙትን እናቶች ጠይቁ። እናንተ አረም ያላችሁት ዘር እንዲሰጥ የተተወ ጎመን ሊሆን ይችላል። የአፈሩን አሲድነት ለመቀነስ ብላችሁም ኖራ ለመበተን አትቸኩሉ። በጮቄ ተራራ ዙሪያ አሲዳማ መሬት ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ የአፈሩ ፒኤች (ሲያንስ አሲድነት መብዛቱን የሚያሳይ መለኪያ) ከ5.5 ሲወርድ አልሙኒየም እየሟሟ ሥር ያቀጭጫል። የኖራውን መጠን የሚነግራችሁ ግን ምርመራ ነው፣ ዓይናችሁ አይደለም።

እኔ መሮጥ ትቻለሁ። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ስትነሡ ከኋላ በእግሬ እከተላችኋለሁ። የአትክልት ቦታው ቁልፍ ከእኔ ኪስ ስለሆነ፣ ቀድማችሁ ብትደርሱም በር ላይ ጠብቁኝ።

አባታችሁ