«መርፌው አባቴን ሽባ ያደርጋቸዋል?»

ጥያቄ፦ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። በቀኝ ብሽሽታቸው ቡአ ወጥቶባቸው በሚቀጥለው ሳምንት ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ጎረቤታችን አምና ይኸንኑ ተሠርተው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ አድረዋል። ሐኪሙ «ለሕመሙ የነርቭ ብሎክ እንሰጣቸዋለን» አለን። አባባ ግን «ነርቭ ተነክቶ ሰው ይድናል? ሽባ ልሆን ነው» ብለው እንቢ አሉ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ደግሞስ ከቤተ ክርስቲያን አይቀሩም፤ መቼ መስገድ ይችላሉ?
ልጃቸው፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ በማደንዘዣ ሥራ 19 ዓመት ሆኖኛል። «ነርቭ» ስል ፊቱ የማይለወጥ ሰው ብዙ አልገጠመኝም። ስለዚህ አሁን አሁን ቃሉን ትቼዋለሁ። «ጥርስ ሲነቀሉ ድድዎን ወግተው አደንዝዘውዎት አያውቁም? እሱ ነው፣ ቦታው ሆድ ላይ ሆነ እንጂ» እላለሁ። ለአባባም እንዲህ በያቸው። ውሸት የለውም፤ መድኃኒቶቹ ዘመዳሞች ናቸው።

ብዙ ሰው ከወገብ መርፌ ጋር ያምታታዋል። የወገቡ ኦፕራሲዮኑን ለመሥራት ነው፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይለቃል። ይኼኛው ከዳሌ አጥንት ከፍ ብሎ የሆድ ጎን ላይ ነው የሚወጋው። እዚያ ሦስት የጡንቻ ንጣፎች አሉ፤ እንደተደራረበ እንጀራ አስቢው። ወደ ብሽሽት የሚወርዱት ነርቮች በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል ያልፋሉ። በአልትራሳውንድ እያየሁ መርፌዋን እዚያ አደርስና ቡፒቫኬይን የሚባለውን መድኃኒት ቀስ እያልኩ እገፋለሁ። ንጣፎቹ ይላቀቁና መሃላቸው ላይ ጥቁር ዓይን የመሰለ ነገር ይከፈታል። ያቺን ጥቁር ዓይን ሳያት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ነርቩን ራሱን አንወጋውም፤ መድኃኒቱን አጠገቡ ነው የምናፈሰው።

ጉዳት የለውም አልልሽም። አንዳንዴ መድኃኒቱ ወደ ጭን ነርቭ ይወርድና እግር ለሰዓታት ይዝላል። ሲለቅ ይመለሳል፤ ሽባነት አይደለም። ግን አባባ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብለው ብቻቸውን ብድግ ቢሉ ሊወድቁ ይችላሉ። መጀመሪያ ሲነሱ አንድ ጎልማሳ ይደግፋቸው። ሌላው፣ መድኃኒቱ ከበዛ ወይም ደም ሥር ውስጥ ከገባ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮኻል፤ ከባሰም ያንቀጠቅጣል፣ ልብንም ይነካል። ለዚህ ነው በኪሎ የምንለካው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው እኔ ከ120 ሚሊግራም አላልፍም፤ ለአንድ ጎን 20 ሚሊ ሊትር የ0.25 በመቶውን ብሰጥ ደግሞ 50 ሚሊግራም ብቻ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት ማደንዘዣ አልስማማ ብሏቸው ከነበረ ቀድመሽ ለሐኪሞቹ ንገሪ።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ቡአ ተሠርቻለሁ። ብሎኩን የሥራ ባልደረባዬ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ወጋኝ። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ እቀልዳለሁ። ባለቤቴ ፓራሲታሞሉን ስትሰጠኝ «ምኔን አሞኝ ነው?» አልኳት። ለሰው ስመክር የኖርኩትን ረስቼው! ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ብሎኩ ለቀቀና አንድ ጊዜ ስስል ስፌቱ የተተረተረ መሰለኝ። ኪኒኑን ከዋጥኩ በኋላም እስኪሠራ ድረስ ትራስ ሆዴ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ።

ብሎኩ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ ኪኒኑ ሳያማቸው ይጀመር። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ፣ ጉበታቸው ደህና ከሆነና ኪሏቸው ካላነሰ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ ይበቃል፤ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ላለበት ሰው አይሆንም፤ ጠይቂ። ትራማዶል የሚባለው ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ ከታዘዘ ሆድ ያደርቃል፣ ማማጥ ደግሞ ለስፌቱ ጠላት ነው። ተልባ አዘጋጂላቸው፣ ውኃም ይጠጡ።

ደግሞ ብሎኩ የሆድን ግድግዳ ነው የሚያደነዝዘው። ከውስጥ የመጎተት ስሜት ወይም ቆለጥ አካባቢ ሕመም ቢሰማቸው «መርፌው አልሠራም» ብላችሁ አትደናገጡ። አባባ እንቢታቸውን ከገፉበት፣ ወይም ሆስፒታሉ አልትራሳውንድ ባይኖረው፣ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ከመስፋቱ በፊት ቁስሉ ዙሪያ ማደንዘዣ መውጋት ይችላል። እሱም ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያሳርፋል።

ስግደቱን በተመለከተ፦ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ ቀስ እያሉ መራመድ ይችላሉ፤ እንዲያውም ይጠቅማቸዋል። ወድቆ መነሳቱን ግን ቀዶ ሐኪማቸው በቀጠሮ ቀን አይቶ እስኪፈቅድላቸው ይተዉት። እስከዚያ ቆመው ያስቀድሱ፤ ሲደክማቸው መቋሚያቸውን ይደገፉ።