የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አዲስ የራግቢ ክለብ ከየት ይመጣል?

(በዚህ አምድ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ያለሁት ፐርዝ ነው። የ11 ዓመት ልጄ «ቤርስ የሚባል የራግቢ ሊግ ክለብ በ2027 እዚሁ ከተማችን ሊጀምር ነው» ሲባል ከሰማ ወዲህ ልቡ ሸፍቷል፤ ማልያ ግዛልኝ እያለ ቤቱን አውኮታል። እኔ ያልገባኝ፣ አንድ ጨዋታ ያልተጫወተ ቡድን እንዴት ዘሎ ትልቁ ሊግ ላይ ይቀመጣል? እኛ አገር ከታች ተጀምሮ ነው የሚታደገው። ደግሞስ ቤርስ የሲድኒ ክለብ አልነበረም እንዴ?
የልጅ አባት፣ ከፐርዝ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ራግቢ ማየት የጀመርኩ ሰሞን ግራ የገባኝ ይኸው ነው። አገር ቤት ቡድን በከፍተኛ ሊግ ተፋልሞ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያድጋል፤ ካልሆነለት ይወርዳል። እዚህ ኤን አር ኤል (ትልቁ የራግቢ ሊግ ውድድራችን) ውስጥ ማደግም መውረድም የለም። ሊጉን የሚመራው ኮሚሽን ፈቃድ ከሰጠህ ገባህ ማለት ነው፤ መጨረሻ ብትወጣም ለከርሞ እዚያው ነህ። ስለዚህ አዲስ ክለብ የመጀመሪያ ግጥሚያውን የሚያደርገው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ዓይኔ እያየ የገባውን ልንገርህ። ብሪዝበን ታክሲ እነዳለሁ። በ2021 ሊጉ 17ኛ ክለብ እጨምራለሁ ሲል እዚሁ አካባቢ ሦስት አመልካቾች ቀረቡ፤ ፋየርሆክስ፣ ጄትስ እና የሬድክሊፍ ዶልፊንስ። ጥቅምት ላይ ፈቃዱ ለዶልፊንስ ተሰጠ። (ዶልፊን ሲሉ መጀመሪያ የመጣብኝ አገር ቤት ያለው ሚኒባስ ነው፤ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ ታየኝ።)

ሬድክሊፍ ከመሃል ብሪዝበን በስተ ሰሜን ያለች ባሕረ ገብ መሬት ናት። ክለቡ ከ1947 ጀምሮ እዚያ ሲጫወት የኖረ ነው፤ ከቅዱስ ጊዮርጊሳችን በዕድሜ የሚያንሰው በ12 ዓመት ብቻ ነው። የራሱ ስታዲየም አለው። ምግብ ቤት፣ መጠጥ ቤትና የቁማር ማሽን ያለበት የአባላት ክበብ አለው። የገበያ ማዕከል ሳይቀር አለው። ሌሎቹ አመልካቾች ይህን ያህል ጥሪት ይዘው አልመጡም። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ «አዲስ ክለብ» ሲሉት ሳቄ ይመጣል። ትልቁ ሊግ ሲገባ ግን «ሬድክሊፍ» የሚለውን ትቶ «ዶልፊንስ» ብቻ ተባለ፤ የሌላ ሰፈር ሰው እንዳይሸሸው ነው። ነገሩ ብልጠት አለው፤ እኔ ግን የትውልድ ስፍራውን የደበቀ ሰው ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ማርች 5 ቀን 2023 ነበር። እሑድ፤ ለእኛ ምኩራብ። ከቅዳሴ ወጥቼ ሽሮዬን በላሁና ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥሪ ከሬድክሊፍ ነበር፤ ሰማንያን የተሻገሩ የሚመስሉ ሴትዮ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ጠበቁኝ። ባቡር አለ፤ ግን ጉልበታቸው እሺ አላላቸውም። የለበሱት ቀይ ማልያ ከመታጠብ ብዛት ሮዝ ወደ መሆን ደርሷል፤ ክርኑ ላይ በእጅ ተሰፍቷል፤ እጅጌው መዳፋቸውን ይውጠዋል። «የባለቤቴ ነው። እሱ አላየውም፤ እኔ ልይለት» አሉኝ። ረጅሙን ድልድይ ስንሻገር ውጤቱ ምን ይመስልዎታል ብላቸው «እንሸነፋለና!» አሉ፣ የሰርግ ወሬ የሚያወሩ ያህል ፈገግ ብለው። ተጋጣሚው ሲድኒ ሩስተርስ ነው፤ ከ1908 ጀምሮ ከሊጉ ያልጠፋ ክለብ። ጋዜጠኞቹም ዶልፊንስ ጭራ ይሆናል ሲሉ ነበር የከረሙት።

28 ለ 18 አሸነፉ። ማታ ካክስተን ጎዳና ላይ የጫንኳቸው ሁሉ ቀይ ለብሰው፣ የሥጋ ፓይ ይዘው፣ መኪናዬን ሞሏት፤ በዚያ ሽታ ፆሜን አለመፍታቴ ራሱ ተአምር ነው። የሚቀጥሉትን ሁለት ጨዋታዎችም አሸነፉ። በአራተኛው ከነባሩ የብሪዝበን ክለብ ከብሮንኮስ ጋር ሲገናኙ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ገባና 18 ለ 12 ተሸነፉ። ዓመቱን በ9 ድል 13ኛ ሆነው ጨረሱ፤ ጭራ አልሆኑም።

ሴትዮዋን ለወግ ብዬ አላነሳኋቸውም። በ1995 ያንተው ፐርዝ ዌስተርን ሬድስ የሚባል ክለብ ነበራት፤ እኛም ሳውዝ ኩዊንስላንድ ክራሸርስ የሚባል ነበረን፤ ሴትዮዋን ባወረድኩበት ሜዳ ነበር የሚጫወተው። ሁለቱም ከባዶ የተፈጠሩ ናቸው። ክራሸርስ በ1996ም በ1997ም መጨረሻ ወጣ። ከ1997 በኋላ ሁለቱም የሉም። የክራሸርስን የተሰፋ ማልያ ለብሶ ታክሲዬ ውስጥ የገባ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ቤርስ፣ እንዳልከው፣ የሰሜን ሲድኒ ክለብ ነው። ሊጉን በ1908 ከመሠረቱት አንዱ ነበር። እስከ 1999 ተጫውቶ ከማንሊ ጋር እንዲዋሃድ ተደረገ፤ ውሁዱ ቡድን ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆመም። አሁን ስሙና ቀይና ጥቁር ቀለሙ ወደ እናንተ ይመጣል። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት በ7 ዓመት ውስጥ ወደ 65 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ ተስማምቷል፤ አሰልጣኙ ማል ሜኒንጋ ነው። እኔ የምጠራጠረው ገንዘቡን አይደለም። ትዝታው ያለው ሲድኒ፣ ወንበሩ ያለው ፐርዝ ነው፤ በመካከላቸው የአምስት ሰዓት በረራ አለ። ከተማችሁ ደግሞ የኢግልስና የፍሪማንትል ከተማ ናት፤ በሞላላ ኳስ ስትሉ ሌላኛውን ጨዋታ፣ የአውስትራሊያ ሩልስ የሚባለውን፣ ማለታችሁ ነው። ለማንኛውም ማልያውን ግዛለት፤ ልጅ ስለሆነ ግን አንድ ቁጥር ከፍ አድርገህ ግዛ።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ አዲስ ክለብ ተጫዋች የሚያገኘው እንደ እግር ኳስ በዝውውር ገንዘብ እየገዛ ነው?
ተማሪ፣ ከሜልበርን

መልስ፦ አይደለም፣ የኔ ልጅ። እንደ አሜሪካኖቹ ክለቦች ተጫዋች በዕጣ ወይም በተራ የሚመርጡበት ሥርዓትም የለም። ቁልፉ ኖቬምበር 1 የምትባል ቀን ናት። ውሉ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን መጨረሻ የሚያልቅ ተጫዋች ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሌላ ክለብ ጋር መነጋገር ይችላል። ዶልፊንስ ፈቃዱን ጥቅምት 2021 ሲያገኝ ቀኗ ልትደርስ ሦስት ሳምንት አልቀራትም። ስልክ መደወል ተጀመረ።

መጀመሪያ የፈረመው ፌሊሴ ካውፉሲ ነው፤ ከሜልበርን ስቶርም። ከዚያው ክለብ ጄሲ እና ኬኒ ብሮምዊች የሚባሉ ወንድማማቾች ተከተሉ፤ ጄሲ የመጀመሪያው አምበል ሆነ። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ብልሃት እዚህ ጋ ነው። ኮከብ ፍለጋ ካሜሮን መንስተርንና ኬሊን ፖንጋን ተማጽነው ነበር፤ ሁለቱም እዚያው ባሉበት ቀሩ። ጋዜጦቹ ይህን ውርደት አደረጉት። ግን ለዓመታት ትከሻ ለትከሻ የተጋፉ ሦስት የፊት ተጫዋቾችን አንድ ላይ ማምጣት፣ ብቻውን ከሚያበራ ኮከብ ይበልጥ ለማይተዋወቅ ቡድን ይጠቅማል። በሠርግ ድግስ ወጥ ቤቱን የሚያውቁ ሦስት ሴቶች ካሉ ሌላው ይማራል።

ገንዘቡም ቢሆን ገደብ አለው። የደመወዝ ጣሪያ ይባላል፤ በ2023 ለ30 ተጫዋች 12.1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነበር፣ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ወደ 400 ሺህ። ሀብታሙ ክለብም ከዚያ በላይ መክፈል አይፈቀድለትም። ታዲያ ገንዘብ እኩል ከሆነ ተጫዋቹን ምን ያመጣዋል? አሰልጣኙ። ዶልፊንስ ያመጣው ዌይን ቤኔትን ነው፤ በ1988 ብሮንኮስን ከመነሻው ያሠለጠነ፣ በ2023 ዕድሜው 73 የሆነ ሰው። ሲደውልልህ «አስብበታለሁ» ማለት ይከብዳል።

ጥያቄ፦ እኔ ቶሮንቶ ነኝ። እኛም ዎልፍፓክ የሚባል ነበረን፤ ላምፖርት ስታዲየም ሄጄ አይቻለሁ። ለምን ሞተብን? የፓፑዋ ኒው ጊኒውስ አይሞትም?
የቀድሞ ደጋፊ

መልስ፦ ያንተው ታሪክ ለፐርዙ አባት ጥያቄ የተገላቢጦሽ መልስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ማደግ መውረድ ስላለ ዎልፍፓክ በ2017 ከሦስተኛው እርከን ጀመረና በ2019 መጨረሻ በሜዳ አሸንፎ ወደ ላይኛው እርከን፣ ወደ ሱፐር ሊግ አደገ። ሕጉን ሁሉ ጠብቆ! ግን ከሊጉ የቴሌቪዥን ገንዘብ ድርሻ አልተሰጠውም፤ አትላንቲክን ተሻግረው ለሚመጡ ተጋጣሚዎች ደግሞ ወጪ ይሸፍን ነበር። እንዲህ ሆኖ ውዱን የኒውዚላንድ ኮከብ ሶኒ ቢል ዊሊያምስን አስፈረመ። ኮሮና ሲመጣ፣ ሐምሌ 2020 ላይ፣ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ልመለስ ሲል ክለቦቹ 8 ለ 4 በሆነ ድምፅ ከለከሉት። ክፉ ነው የምለው ድምፁን ሳይሆን መጀመሪያ የፈረሙትን ውል ነው።

በዚያው ሊግ ከተሞከሩት የፈረንሳይ ክለቦች ሁለቱን እንይ። የፓሪሱ ከ1996 እስከ 1997 ብቻ ቆየ። የፐርፒኞው ካታላንስ በ2006 ገብቶ ዛሬም አለ፤ በ2018 የጥሎ ማለፉን ዋንጫ፣ ቻሌንጅ ካፕን፣ በላ። ልዩነቱ ፐርፒኞ ውስጥ ጨዋታው ከአያት ጀምሮ የነበረ መሆኑ ነው።

ፓፑዋ ኒው ጊኒ ደግሞ በ2028 ወደ እኛው ኤን አር ኤል ትገባለች። ራግቢ ሊግ እዚያ ብሔራዊ ስፖርት ነው፤ ስለ ደጋፊ ማንም አይጨነቅም። ገንዘቡ የአውስትራሊያ መንግሥት ነው፤ በ10 ዓመት 600 ሚሊዮን ዶላር። ተጫዋቹ ፖርት ሞርስቢ እንዲኖር ለማባበል የገቢ ግብር እንዳይከፍል ተደርጓል። አገሪቱ ከቻይና ጋር የጸጥታ ስምምነት ከተፈራረመች ካንቤራ ገንዘቡን ልታቋርጥ እንደምትችል በሰፊው ተዘግቧል። ስለዚህ ይሞታል ወይ ላልከኝ፣ ደጋፊ አጥቶ አይሞትም። የዚህን ክለብ ዕጣ ፈንታ ማወቅ ከፈለግህ ከስፖርቱ ገጽ ይልቅ የውጭ ጉዳዩን ገጽ ተከታተል።