መልስ፦ ለጀልባ ጥገና 1 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር ይበቃል ወይ?

ወንድሜ፣ ጣና ዳር መብራት በሌለበት ቦታ የብረት ጀልባ ለመጠገን ባለ 1 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር ይበቃኛል ወይ ብለሃል። ለትንሽ ድሪልና ለአምፖል ይሆናል። ለትልቅ ግራይንደር (ብረት መቁረጫና ማለስለሻ ማሽን) ግን አይሞከርም።

ባለ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ግራይንደር ብቻውን 2,000 ዋት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሲነሳ ደግሞ ለአፍታ የበለጠ ይስባል። ብዙ ሰው የሚረሳው ከፍታውን ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ 20 በመቶ ያህል ያጣል። ሳጥኑ ላይ 3 ኪሎ ዋት የሚል ካየህ በልብህ 2.4 በለው። ያውም የተጻፈው እውነት ከሆነ! ሻጭ የሚያወራልህ ለአፍታ የሚሰጠውን ትልቁን ቁጥር ነው። አንተ ያለማቋረጥ ስንት እንደሚሰጥ ጠይቅ።

እኔ ብሆን ባለ 3.5 ኪሎ ዋት የቤንዚን ጄኔሬተር እገዛለሁ። ሁለት ሰው ተሸክሞ ዳር ያደርሰዋል። ብየዳ ካለብህ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከ6 ኪሎ ዋት በታች አትነካካ። የብየዳ ሥራው የሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ትልቁን መከራየት ይሻልሃል።

አደራ፣ ዝናብ መጣ ብለህ ጄኔሬተሩን ጀልባው ውስጥ እንዳታስገባው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ይገድላል። ደረቅ መሬት ላይ ራቅ አድርገህ አስቀምጠው፤ ረዘም ያለ፣ ወፈር ያለ ገመድ ግዛ። ቤንዚን የምትጨምረውም አጥፍተኸው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።